ሮዟ ባንዲራ የት ትተከል?

ለመጀመሪያ ጊዜ "ሂጂና የረግረጉን ድንበር አካልዪ" ተብዬ የተላክሁ ቀን አንዱ ቦት ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ቀረና በካልሲ ነው የወጣሁት። ቦቱን ለማውጣት ሁለት ሰው ነው የተጋገዘው፣ ሲወጣ ያሰማው ድምፅ እስከዛሬ ቢሮ ውስጥ መቀለጃ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ትልቁን ስህተት የሠራሁት ጭቃው ላይ ሳይሆን ደረቅ መስሎኝ ዘና ብዬ የተራመድኩበት መሬት ላይ ነበር፣ እሱን ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ሥራው ምን መሰላችሁ፣ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ቦታ አለ አይደል፣ ጣፋጩ ውሃና ጨዋማው ውሃ የሚቀላቀልበት፣ ኤስቹዋሪ የሚሉት። እዛ አካባቢ አንድ ሰው መጋዘን ወይ ሆቴል ወይ የጀልባ ማቆሚያ ምናምን ልሥራ ሲል የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ያሠራል፣ ከዛ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ግምገማው ደግሞ የሚጀምረው ረግረጉ የት ጋ እንደሚያልቅና ደረቁ መሬት የት ጋ እንደሚጀምር ከሚያሳይ ካርታ ነው። ያንን መስመር የሚያሰምረው እንደኔ ዓይነቱ ሰው ነው፤ አካፋ፣ ጂፒኤስ፣ የአፈር ቀለም የሚያሳይ ትንሽ መጽሐፍ፣ እና ቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ ያለች ሮዝ የፕላስቲክ ባንዲራ፣ በቃ። ባንዲራዋን ተክሎ ማለፍ ነው። ከባንዲራዋ ወዲያ ሕግ አለ፣ ከባንዲራዋ ወዲህ ምንም ጠያቂ የለም።

መስመሩን ለማግኘት ሦስት ነገር ይታያል፣ ተክሉ፣ አፈሩ፣ ውሃው። አሜሪካኖቹ በ1987 ያወጡት ማኑዋል በመደበኛው ሁኔታ የሦስቱም ምልክት መገኘት አለበት ይላል፣ እኔም ሥራውን የተማርኩት በዛ ነው። ከሦስቱ እኔ የምወደው አፈሩን ነው። ግማሽ ሜትር ገደማ ትቆፍሩና አንድ ጓል ታወጣላችሁ፣ በጣታችሁ ትሰብሩታላችሁ፣ ከዛ መንሰል የሚባለውን መጽሐፍ ከፍታችሁ ልክ የግድግዳ ቀለም እንደሚመርጥ ሰው ጓሉን ከየካሬዋ ቀለም ጋር ታስተያያላችሁ። አየር የሚያገኝ አፈር ብዙ ጊዜ ቡናማ ወይ ቀላ ያለ ነው፣ ውስጡ ያለው ብረት ስለሚዝግ። ውሃ ውስጥ የከረመ አፈር ግን ኦክስጅን ስለሌለው ብረቱ ይሟሟና ይሄዳል፣ አፈሩ አመድማ ይሆናል፣ አንዳንዴም ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ያደላል። የሣሩ ሥር ባለፈበት ብቻ ቀጭን የዝገት ክር ታያላችሁ፣ ምክንያቱም ሣሩ በግንዱ በኩል አየር ወደ ታች እየላከ የሥሩን ዙሪያ ያዝገዋል። ያችን ብርቱካንማ ክር መጀመሪያ ሳይ ሣሩን ሲተነፍስ የያዝኩት ነው የመሰለኝ።

ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። ታች ኦክስጅን ሲያልቅ ባክቴሪያዎቹ የባሕር ውሃ ውስጥ ያለውን ሰልፌት ስለሚጠቀሙ የሚወጣ ጋዝ ነው። ሰው ሲሸተው "ይሄማ ቆሻሻ ቦታ ነው፣ ቢደፈን ይሻላል" ይላል፣ ግማሹ ችግር ከዚህ ሽታ ነው የሚጀምረው ብል አልዋሸሁም። ጤነኛ የጨው ረግረግ እንዲህ ነው የሚሸተው እኮ! ዓሣና ሽሪምፕ በጨቅላነታቸው ተደብቀው የሚያድጉት እዛው ነው፣ ከአህጉር አህጉር የሚበሩ ወፎች አርፈው የሚጠግቡት እዛው ነው፣ ከባሕር የሚመጣው ማዕበል ጉልበቱ የሚሰበረውም እዛው ሣር ውስጥ ነው።

ከባንዲራዎቹ የሚወጣው ግን ይሄ ሁሉ አይደለም፣ አንድ ቁጥር ነው። ስንት ተነካ? በአሜሪካ በ1972 በወጣው የንጹሕ ውሃ ሕግ አንቀጽ 404 መሠረት ረግረግ ውስጥ አፈር ለመድፋት ከጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ኮር ፈቃድ ያስፈልጋል (አዎ፣ የጦር ሠራዊት፣ እኔም ስሰማ ገርሞኝ ነበር፣ ከድሮም የመርከብ መተላለፊያ ውሃዎችን የሚቆጣጠሩት እነሱ ስለሆኑ ነው)፣ ግን ለመኖሪያ ቤትና ለንግድ ሕንፃ ዓይነት ግንባታ የሚጠፋው ከግማሽ ኤከር ካልበለጠ ቶሎ የሚያልፍ አጠቃላይ ፈቃድ የሚሉት አለ። ግማሽ ኤከር ማለት 2,000 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። ይሄኛው አጠቃላይ ፈቃድ እንኳ ባሕሩ የሚገባበትን ረግረግ አይነካም፣ ሐሳቡ ግን የትም አለ፣ እኔ በምሠራበትም የራሳችን ገደብ አለን፣ እና ገደብ ባለበት ሁሉ ፕሮጀክቱ ከገደቡ ትንሽዬ ዝቅ ብሎ ነው የሚመጣው። ገደቡ ግማሽ ከሆነ ጠረጴዛዬ ላይ 0.49 የሚል ቁጥር ስንት ጊዜ እንዳየሁ ብነግራችሁ አታምኑኝም፣ ተፈጥሮ 0.49 ትወዳለች እንዴ ብዬ ብቻዬን እስክስቅ ድረስ። አንዳንዱ ደግሞ አንዱን ፕሮጀክት ለሦስት ቆርጦ በሦስት ማመልከቻ ያስገባዋል፣ መንገዱ ዘንድሮ፣ መጋዘኑ ለከርሞ፣ አጥሩ ከዛ በኋላ።

የ404 መመሪያ ውስጥ አንዲት በጣም የምወዳት ነገር አለች። ለመሥራት የታሰበው ነገር የግድ ውሃ ዳር መሆን የማያስፈልገው ከሆነ፣ ረግረጉን የማይነካ ሌላ ቦታ አለ ተብሎ ነው የሚገመተው፣ የለም የሚለው አመልካች እሱ ያስረዳ። ወደብ ውሃ ዳር ካልሆነ የት ይሆናል፣ እሺ። ሬስቶራንት ግን ጭቃ ላይ ካልቆመ ወጥ አይወጣም ያለው ማነው? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ማለት ይሄ ነው፣ ስንት ሄክታር ከማለት በፊት ለምን እዚህ ብሎ መጠየቅ።

ስለዚህ ጠቡ ወዴት ሄደ፣ "የፕሮጀክቱ ዓላማ" ወደሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር። ይሄን በዓይኔ ነው ያየሁት፣ እንዲያውም በጣቴ ነው የተየብኩት። አንድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ስሠራ የአንድ ሆቴል ሰነድ ነበር። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ዓላማው "ባለ 120 ክፍል ሆቴል መገንባት" ይል ነበር። አለቃዬ አየውና "ይሄማ የትም ሊሠራ ይችላል" አለ፣ ልክ ነበር፣ ችግሩም እሱ ነበር። ሁለተኛው ረቂቅ "በባሕሩ ዳርቻ ባለ 120 ክፍል ሆቴል መገንባት" ሆነ። በሦስተኛው "የወንዙን አፍ ፊት ለፊት የሚያይ፣ ከዋናው መንገድ በእግር የሚደረስ፣ የራሱ የጀልባ መውረጃ ያለው ባለ 120 ክፍል ሆቴል" ተባለ፣ እና ምድር ላይ ያንን የሚያሟላ ቦታ አንድ ብቻ ቀረ፣ ደንበኛው ከሁለት ዓመት በፊት የገዛው ቦታ። ከዛ ስለ አማራጮች 40 ገጽ ጻፍን። ሌሎቹ አራት ቦታዎች አንድ በአንድ እየመጡ ዓላማውን አያሟሉም እየተባሉ ወደቁ፣ "ፕሮጀክቱ ባይሠራስ" የሚለው ሁለት አንቀጽ ደረሰው። ውሸት የሚባል አንድ ቃል አልነበረበትም፣ ይሄ ነው የሚያናድደው። ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣሁ ብል ግን እዋሻለሁ፣ በሰዓቱ ጨርሼ ማስረከቤ ነበር ደስ ያለኝ።

ቦታው አንዴ ከተቆረጠ ቀሪው ክርክር ማካካሻ ነው። ወረቀት ላይ ቅደም ተከተሉ ያምራል፣ መጀመሪያ ጉዳቱን አስወግድ፣ ካልተቻለ ቀንስ፣ የቀረውን አካክስ፣ በተግባር ግን ሁሉም የሚሮጠው ወደ ሦስተኛው ነው። ይሄን ያህል እናጠፋለን፣ እዛ ማዶ ይሄን ያህል እጥፍ እንሠራለን። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል አይደል?

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንዲያጎ ቤይ የሚባለው ባሕረ ሰላጤ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ፣ ይሄ ታሪክ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። መንገድ ሲሰፋና የጎርፍ ቦይ ሲሠራ ለጠፋው ረግረግ ምትክ እንዲሆን አዲስ የጨው ረግረግ በ1980ዎቹ ተሠራ። ምትኩ ከሚጠበቅበት ነገር አንዱ ሬይል የምትባለው፣ ለመጥፋት የደረሰች የረግረግ ወፍ እዛ ጎጆ እንድትሠራ ነው። ይቺ ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው ስፓርቲና በሚባለው ረጅም የጨው ሣር ውስጥ ነው፣ ባሕሩ ሲሞላ ጎጆው ከውሃው ጋር እየተንሳፈፈ ከፍ ይላል፣ ሲጎድል ተመልሶ ይወርዳል፣ ረጃጅሞቹ ግንዶች እንደ ምሰሶ ይዘውት ነው የማይሄደው። ስለዚህ ሣሩ ረጅም መሆን አለበት። ሣሩ ተተከለ፣ ለመለመ፣ ከሩቅ ለሚያየው ረግረግ ነው፣ ፎቶውም ያምራል። ግን አጭር ሆኖ ቀረ። ለምን ሲባል አዲሱ መሬት የተሠራው ከባሕር ወለል በተዛቀ አሸዋማ አፈር ነበርና አሸዋው ናይትሮጅን አይዝም። እሺ ማዳበሪያ እንጨምር ተባለ፣ ሣሩም ረዘመ፣ ማዳበሪያው ሲቆም ደግሞ ተመልሶ አጠረ። ጆይ ዜድለር የምትባል ሳይንቲስት ከባልደረቦቿ ጋር ዓመታት ስትለካ ኖራለች፣ ወፎቹ ግን ጎጆ ሊሠሩበት አልመጡም። ሄክታሩ ተሟልቷል እኮ፣ የጎደለው ቁመት ነው፣ የጥቂት አሥር ሴንቲሜትር ቁመት።

የዌልሷ ከተማ ካርዲፍ ደግሞ ሌላ ናት። የባሕር ሙላቱ ይገባበት የነበረው የካርዲፍ ቤይ በግድብ ተዘግቶ በ1999 የጣፋጭ ውሃ ሐይቅ ሆነ። ክረምቱን እዛ ጭቃ ላይ ይለቅሙ የነበሩ ሬድሻንክ የሚባሉ ወፎች ወደ ጎረቤት የወንዝ አፍ ሄዱ። "ወፎቹ አጠገቡ ወዳለው ተስማሚ ቦታ ይዛወራሉ" የሚል ዓረፍተ ነገር ስንት ሰነድ ላይ እንደጻፍኩ እግዜር ነው የሚያውቀው። ካርዲፍ ላይ ግን እግራቸው ላይ ቀለበት ታስሮ ተከታተሏቸውና የተዛወሩት ወፎች ከስተው ተገኙ፣ ክረምቱን የሚያልፉትም ቁጥራቸው ቀነሰ። ጎረቤትም እኮ የራሱ ነዋሪ አለው፣ የተዘረጋ ማዕድ ይዞ እንግዳ የሚጠብቅ ጭቃ የለም። በማካካሻነት የተሠራው የኒውፖርት ረግረግ ደግሞ ለብዙ ሌላ ወፍ ጥሩ ቦታ ነው፣ ግን አብዛኛው ሸምበቆ፣ እርጥብ ሣርና ኩሬ ነው፣ ሬድሻንኮቹ የጠፋባቸው ጭቃ ነው። በ2012 የወጣ አንድ ጥናት በዓለም ዙሪያ 621 የታደሱና እንደ አዲስ የተፈጠሩ ረግረጎችን ሰብስቦ ሲያይ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ በአማካይ ካልተነካው ሩብ ያህል ጎድለው አገኛቸው። የኛ የክትትል ግዴታ ስንት ዓመት ነው? ብዙውን ጊዜ አምስት።

አሁን ወደ ስህተቴ።

ቦቴ በሰመጠበት ቦታ የሕዝብ አስተያየት መድረክ ተዘጋጅቶ ነበር። እነዚህ መድረኮች ብዙ ጊዜ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ዓይነት ናቸው፣ ቦታው ተመርጦ፣ ዓላማው ተጽፎ፣ ባንኩ ብድሩን ፈቅዶ፣ ከዛ "አስተያየታችሁን ስጡን" ይባላል፣ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ፣ ማይክሮፎኑ ይጮሃል። እኔ ካርታዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ አጠገቡ ቆሜያለሁ። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ወረፋ ሳይዙ ቀጥ ብለው ካርታው ጋ መጡና ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ቆዩ።

"ልጄ፣ ይሄን የለካሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ አባባ።"

"ጨረቃዋ እንዴት ነበረች?"

ምን እንደምመልስ ግራ ገባኝ። ጂፒኤስ ስንት ሳተላይት እንደያዘ ይጠይቀኝ እንጂ ስለ ጨረቃ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

"ግማሽ ነበረች" አሉ እሳቸው፣ "አይቼሻለሁ፣ ያን ቀን ጫማሽ የቀረ ቀን። ግማሽ ስትሆን ባሕሩ ሰነፍ ነው፣ እዛ ድረስ አይወጣም። ሙሉ ስትሆን ነይ፣ አሳይሻለሁ።"

ያፈርኩት ማፈር! ይሄ እኮ ከመጀመሪያው ኮርስ የሚታወቅ ነገር ነው፣ ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር ሲሆኑ፣ ማለትም ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን፣ የባሕሩ ሙላት ከፍ ይላል፣ ግማሽ ስትሆን ደግሞ ዝቅ ይላል። እኔ በበጋ፣ በግማሽ ጨረቃ ሳምንት፣ ሣሩ በታጨደበት ሄጄ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ሳየው ደረቅ ነው ብዬ አንዲት ጉድጓድ ብቻ ቆፍሬ ነበር፣ እሷም ድሮ ከመንገድ ሥራ የተረፈ ጠጠር የተደፋበት ላይ ሆና ምንም አላሳየችም። በሙሉ ጨረቃ ተመልሰን ስንሄድ ውሃው ባንዲራዎቼን አልፎ ሄዶ ነበር። ሲመለስ የጣለው የደረቀ ሣርና የጠርሙስ ክዳን መስመር ከመጨረሻዋ ባንዲራ 34 ሜትር ወደ ደረቁ መሬት ገብቶ ነበር፣ በሜትር ነው የለካሁት። ከጠጠሩ ራቅ ብዬ ስቆፍር ከአንድ እጅ ጥልቀት በታች አመድማ አፈር፣ ውስጡም ብርቱካንማ ክር። ሽታውን መቼም አልነግራችሁም።

ሪፖርቱ ተመልሶ ተሠራ፣ መሥሪያ ቤቴም ደስ አላለውም፣ ደንበኛውም ጭራሽ። ፕሮጀክቱ ግን አልቀረም፣ ከሦስቱ ሕንፃዎች አንዱ ተሰረዘ፣ ቀሪው ተሠራ። ሽማግሌው ሦስት ደቂቃቸውን ሳይጠቀሙ ነው የሄዱት፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ስማቸውም የለም። እንዲህ ዓይነት እውቀት በመዝገብ ካልገባ ሕግ ፊት የለም ማለት ነው፣ ለዚህ ነው ኬንያ ላይ ላሙ አካባቢ ሊሠራ ታስቦ የነበረው የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ጉዳይ ትልቅ ቦታ የምሰጠው። በሰኔ 2019 የአካባቢ ጉዳይ ዳኝነት አካሉ ፈቃዱን ሲሰርዝ አንዱ ትልቁ ምክንያቱ ሕዝቡ በአግባቡ አልተሳተፈም የሚል ነበር። ዓሣ አጥማጆቹን መስማት የጨዋነት ጉዳይ ሳይሆን ፈቃዱ የሚቆምበት እግር ነው ማለት ነው።

የኔ መስመር 34 ሜትር ሳተ። የሕጉ መስመርም ይንቀሳቀሳል፣ እዛ ደግሞ ጨረቃም አትጠየቅም። የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 ራፓኖስ በሚባለው ጉዳይ የትኛው ረግረግ በሕጉ ይሸፈናል በሚለው ላይ ተከፋፍሎ አብላጫ ሐሳብ ሳይገኝ ቀረ፣ በግንቦት 2023 ደግሞ ሳኬት በሚባለው ላይ ረግረጉ ከተሸፈነው ውሃ ጋር በገጹ ያልተቋረጠ ግንኙነት ሊኖረው ይገባል አለ። ጉዳዩ የተነሳው አይዳሆ ውስጥ ከአንድ ሐይቅ አጠገብ ነው፣ ባሕር በሌለበት። ግን ባሕር ዳር ስንት ረግረግ አለ መሰላችሁ፣ አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት ለእርሻ ብሎ በአፈር ክምር ከባሕሩ የቆረጠው፣ ውሃው ከሥር በኩል እየሰረገ የሚገናኝ፣ ላይ ላዩን ግን የተለያየ የሚመስል። ዳኛ ካቫና ራሳቸው በውጤቱ ቢስማሙም በግንብና በመሰል ነገር የተለዩ ረግረጎች ከሕጉ ሊወጡ ነው ብለው ለብቻቸው ጽፈዋል። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ አካፋ ይዤ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ግን የቆፈርኩት አፈር ዳኞች በአንድ ቀን ስለወሰኑ ቀለሙን አልቀየረም።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን በስህተት የሚሰጠው ፈቃድ አይደለም፣ በትክክል የሚሰጠው ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ፣ ሕጋዊ፣ ምክንያቱም በቂ። ሳንፍራንሲስኮ ቤይ እንዲህ ነው ሲያልቅ የነበረው። ባሕረ ሰላጤውን እንድፈን ብሎ የወሰነ ማንም አልነበረም፣ ዳር ዳሩ ያሉት ከተሞች እያንዳንዳቸው ለአውሮፕላን ማረፊያ፣ ለቆሻሻ መድፊያ፣ ለሰፈር እያሉ የየድርሻቸውን ይደፍኑ ነበር። በ1959 የመሐንዲሶች ኮር ባወጣው ሪፖርት ላይ በ2020 ምን ሊመስል እንደሚችል የሚያሳይ ካርታ ነበር፣ ሰፊው ውሃ ጠብቦ የወንዝ ያህል ቀርቷል። ያንን ካርታ ጋዜጣ ላይ ያዩ ሦስት ሴቶች፣ ኬይ ከር፣ ሲልቪያ ማክላክሊንና ኤስተር ጉሊክ፣ በ1961 ቤይን እናድን ብለው ተነሱ። የሚገርመኝ እነሱን ያስነሳቸው የአንዱ ግንባታ ሰነድ ብቻ አለመሆኑ ነው፣ ሁሉንም ደምሮ ያሳየ አንድ ሥዕል ነው። በ1965 ሕግ ወጣ፣ ቤዩን እንደ አንድ ነገር የሚያይ፣ ለመድፈን ፈቃድ የሚሰጥና የሚከለክል ኮሚሽን ተቋቋመ፣ በ1969 ቋሚ ሆነ። በግምገማ ሰነድ ውስጥ "የተደማመረ ተጽዕኖ" የሚል ምዕራፍ አለ፣ እኛ ቢሮ እሱ ምዕራፍ አርብ ከሰዓት ነው የሚጻፈው። ካለፈው ፕሮጀክት ተገልብጦ፣ ስሙ ተቀይሮ። አንዴ እንዲያውም ስሙን መቀየር ረስተን የሌላ ወንዝ ስም ይዞ ወጥቷል፣ ማንም አላየውም፣ ገምጋሚውም።

ሁሌ በጥቂት በጥቂቱ ነው ማለቴ አይደለም። ደቡብ ኮርያ ሴማንግም ላይ ሁለት የወንዝ አፎች ያሉበትን ሰፊ የጭቃ ሜዳ 33 ኪሎሜትር በሚሆን ግንብ ነው የዘጉት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2006 ይቀጥል አለ፣ በሚያዝያ ግንቡ ገጠመ። ግሬት ኖት የሚባሉት ወፎች ከአውስትራሊያ ወደ ሰሜን ሲበሩ የሚያርፉበት ነበር፣ ከዛ በኋላ ቁጥራቸው በጣም ወረደ። በነሐሴ 2023 ያ የደረቀ መሬት ላይ የዓለም ስካውት ጃምቦሪ ተዘጋጅቶ ድንኳኖቹ ሥር ውሃ አቆረ፣ ሙቀቱና ትንኙ ልጆቹን አሰቃያቸው፣ በመጨረሻ አውሎ ነፋስ መጣና ሁሉም ወጡ። እዛ ዜና ላይ ጭቃ ውስጥ የቆመ ድንኳን ሳይ፣ የሰው ልጅ ላይ መሳቅ ነውር ባይሆን እስቅ ነበር።

ግን ሌላም ወገን አለ፣ እሱን ሳልናገር ባልፍ ልክ አይሆንም። ግምገማው ራሱ አንዳንዴ እግር ይይዛል፣ ያውም ደጉን ሰው። የተቆረጠ ረግረግን ወደ ባሕሩ ለመመለስ ግንብ ልናፈርስ ነው የሚሉ ሰዎች ልክ ሆቴል ሠሪው የሚያመጣውን ወረቀት ነው የሚያመጡት፣ ከዛም በላይ፣ ምክንያቱም ረግረግ ውስጥ ነው የሚሠሩት። ሳንፍራንሲስኮ ቤይ ላይ ይሄ አስመርሯቸው በ2019 የፌደራልና የስቴት ፈቃድ ሰጪዎች ለእድሳት ፕሮጀክቶች ብቻ አንድ የጋራ ቡድን አቋቋሙ። እንግሊዝ ውስጥ ዋላሲ ደሴት ላይ ደግሞ ለለንደን ባቡር ዋሻ ሲቆፈር የወጣ ከ3 ሚሊዮን ቶን በላይ አፈር በመርከብ አምጥተው መሬቱን ከፍ ካደረጉ በኋላ በ2015 የባሕር ግንቡን ራሳቸው ሰብረው ውሃውን አስገቡት። ግንብ ለማፍረስ ፈቃድ ስትለምኑ አስቡት እስኪ።

ግንብ የሚፈርሰው ለምን መሰላችሁ፣ ባሕሩ ከፍ እያለ ነው። የጨው ረግረግ እንዲህ ሲሆን ሁለት መላ ነው ያለው፣ ወይ ወንዙ በሚያመጣው ደለል ላይ እየከመረ ወደ ላይ ማደግ፣ ወይ ወደ ኋላ፣ ወደ ደረቁ መሬት መሸሽ። ወንዙ ላይ ግድብ ተሠርቶ ደለሉ ከቀነሰ የመጀመሪያው ይከብዳል። ኋላው ላይ ግንብ ወይ መንገድ ወይ ፓርኪንግ ካለ ሁለተኛውም የለም፣ ከፊት ባሕር ከኋላ ኮንክሪት፣ መሐል ተጨፍልቆ ይሞታል። ስለዚህ ነገ ረግረግ የሚሆነው መሬት ዛሬ ደረቅ ነው፣ ከባንዲራዬ ወዲህ ያለው፣ ጠያቂ የለውም ያልኳችሁ። የሳንፍራንሲስኮው ኮሚሽን እንኳ ከዳርቻው ወደ ውስጥ ያለው ሥልጣን 100 ጫማ ነው፣ 30 ሜትር። የኔ ስህተት ብቻውን 34 ነበር።

ባለፈው ወር ቦቴ በሰመጠበት ቦታ በኩል ሳልፍ መኪና አቁሜ ወረድኩ። ያኔ ከተከልኳቸው ውስጥ አንዷ ባንዲራ አለች፣ ሮዝነቷ ሄዶ ነጭ ሆናለች፣ ሽቦዋ ዝጎ ታች በኩል ቀጥኗል። ድጋሚ የተለካው መስመር ላይ ያለችው ናት፣ ትክክለኛዋ። ከእሷ ወዲህ፣ ወደ ፓርኪንጉ በኩል፣ ሳሊኮርኒያ በቅሏል፣ ያቺ ጨው የምትወደው ወፍራም ለስላሳ ግንድ ያላት፣ ሰብሬ ቀመስኳት፣ ጨው ናት። ስድስት እርምጃ ያህል አልፋ ሄዳለች።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ማመልከቻ አገኘሁ፣ ፓርኪንጉን ለማስፋት። የሚነካው የረግረግ ስፋት የሚለው ሳጥን ውስጥ 0 ተብሎ ተሞልቷል፣ ከጎኑ ያኔ የፈረምኩበት የኔው ካርታ ተያይዟል። ቦቴን መኪናው ኋላ ጥያለሁ፣ ሙሉ ጨረቃ ማክሰኞ ናት።